ዘርፌን ማን ወለዳት?

ሰኞ

ዛሬም ስለ መብራቱ አንድ ሰው እንኳ አላነሳልኝም።

መጽሐፌ ከወጣ ጀምሮ ሐይፋ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ አስተያየት አለው። አውቶቡስ ላይ፣ አትክልት ሱቅ፣ ሥራ ቦታ፣ ዋትሳፕ ላይ። ስሙ «የደረጃው መብራት» ነው። ሐይፋ አጠገብ ቲራት ካርሜል ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ፣ በየፎቁ አንድ የፍቅር ታሪክ። ሁሉም ደረጃው ላይ ይተላለፋሉ፤ መብራቱ ደግሞ ሰው ደረጃው መሃል ሲደርስ ድርግም ይላል። ያን መብራት ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የመጽሐፉ ነፍስ እሱ ነበር። ማንም አላየውም።

ያዩትማ ሌላ ነው። በአረጋውያን ቤቱ አብራኝ የምትሠራው ዓለምነሽ አልጋ እያነጠፍን "የሁለተኛ ፎቁን ባል ለምን ገደልሽው? ጥሩ ሰው እኮ ነበር" ብላ ተቆጣችኝ። እስከ ምሳ አኮረፈችኝ። ሀዳር ገበያ የማውቀው አንድ ሰውዬ ሰላምታ ነስቶኛል፤ የሦስተኛ ፎቁ ቀናተኛ ባል ያነክሳል፣ እሱም ያነክሳል፣ በቃ እሱን ነው የጻፈችው ተብሏል። ስጽፍ ሰውዬው ትዝም አላለኝ። አንዲት ወጣት ደግሞ "ዶዳ፣ አክስቴ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ረጅም ነው፤ ፊልም ሲሆን ንገሪን" አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን እላታለሁ?

የገዛ ልጄ ሊሞር ገና አልከፈተችውም። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ፊደሉን ታውቃለች፣ ግን አንድ ገጽ ለማንበብ ላብ ያጠምቃታል። "ኢማ፣ ከሠርጉ በኋላ፣ ቤሰደር? እሺ?" ትለኛለች።

ሠርጉ። እሱ ራሱ ገና ይሁን አይሁን አልታወቀም። ሊሞርና ኤልዓድ ከውትድርና ጊዜያቸው ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ ልጁ የክርያት አታ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ሥራውን የያዘ። ግን ሽማግሌዎች ዘር ሳይቆጥሩ እኛ ዘንድ ምንም የለም። በሁለቱም ወገን፣ በእናትም በአባትም፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሆነ ቦታ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ አለቀ፤ አዳራሽ ቢከራይ፣ ቀሚስ ቢሰፋ ዋጋ የለውም። ቆጠራው የፊታችን እሑድ ነው፣ በኤልዓድ አያት በእማማ ጥሩወርቅ ቤት። በእኛ በኩል፣ የሊሞርን አባት ወገንም ጨምረው፣ የሚቆጥሩት አጎቴ አያ ታከለ ናቸው። ልጄ ምግብ አልበላ ብሏታል። እኔም እሷን ሳይ አይወርድልኝም።

ማክሰኞ

እማማ ጥሩወርቅ ደወሉልኝ። ስማቸውን ስልኩ ላይ ሳይ ስለ ቆጠራው መስሎኝ የአንዲት አሮጊት ተሽከርካሪ ወንበር ይዤ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ስለ መጽሐፉ ነው። የልጅ ልጃቸው እያነበበችላቸው ጨርሰውታል።

"ተባረኪ ልጄ። ብዙ አስለቀስሽኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ዘርፌን ማን ወለዳት?"

ዘርፌ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያለች አሮጊት ናት። ምድር ቤት የሚኖሩት አባ አለሙ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ የጠፋችባቸው እህት አለቻቸው። መጨረሻ ላይ የልጅ ልጃቸው ኢታይ አራተኛ ፎቅ ያለችውን ሰናይትን ሲያገባ፣ ሰገነቱ ላይ፣ ሠርጉ መሃል፣ የሙሽራዋ አያት ያቺው የጠፋችው ዘርፌ ሆና ትገኛለች። መተቃቀፍ፣ ለቅሶ፣ እልልታ። አባ አለሙ ሁለቱን ልጆች መርቀው ይድራሉ። እኔ ራሴ እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ እንደዚያ አልነበረም፤ ዘርፌ የምትባል ሰውም አልነበረችም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የድርሰት ኮርስ የምትሰጠን እስራኤላዊት መምህር ናት "ታሪኮቹ ተበታትነዋል፣ ሁሉንም አገናኚያቸው" ያለችኝ። አገናኘኋቸው። ስታጨበጭብልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

"እማማ፣ የአባ አለሙ እናትና አባት ናቸዋ የወለዷት። እህታቸው አይደለች?" አልኳቸው።

"እሱንማ ሰማሁ። እናቷ ግን ስም የላትም።"

"የፈጠርኳት ሰው ናት እኮ..."

"የፈጠርሽማ አንቺ ነሽ። የወለዳት ማን ነው?"

ሌላ ሰው ቢሆን ስቄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እል ነበር። የኤልዓድን አያት በዚህ ሳምንት ማስቀየም አልችልም። "አስብበታለሁ እማማ" ብዬ ወንበሩን ገፋሁ። አሮጊቷ "የት ነው የምትወስጅኝ?" ትለኛለች በዕብራይስጥ። ወዴት እንደምሄድ እኔም ጠፍቶኝ ነበር።

ሐሙስ

ትናንት አልጻፍኩም። 

ቲራት ካርሜል ያለው የሰፈር ክበብ፣ ሞዓዶኑ፣ ትናንት ማታ የመጽሐፍ ምሽት አዘጋጅቶልኝ ነበር። ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሟል። ሻሼን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የመብራቱን ቦታ አነበብኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ደስ አለኝ፤ ዛሬ ገባቸው አልኩ። ከዚያ ጥያቄ ያለው ተባለ፤ አያ ታከለ ከፊት ወንበር በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። የወንድሜ ልጅ ናት፣ እኮራባታለሁ። አሁን ግን አንድ ላይ እንቁጠር።" ጣታቸውን አወጡ። "ኢታይ የአለሙ የልጅ ልጅ ነው። ሰናይት የዘርፌ የልጅ ልጅ ናት። አለሙና ዘርፌ እህትና ወንድም ናቸው። ስለዚህ አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስተኛው ላይ ተገናኙ። ሦስተኛው ላይ! አንቺ ደግሞ እልል እያስባልሽ ዳርሻቸው!"

እንዴት ልንገር? አዳራሹ ተንጫጫ። አንዷ አፏን በነጠላ ያዘች። ሌላዋ "እኔም እኮ የሆነ ነገር ከብዶኝ ነበር" ትላለች። አንድ ወጣት ከኋላ "ሳባ፣ አያቴ፣ ሲፑር ነው፣ ተረት ነው!" ብሎ ጮኸ። አያ ታከለ ዞረው "ተረት ቢሆንስ፣ የተረት ሰው ዘር የለውም?" አሉት።  እኔ መጽሐፌን ዘጋሁ።

ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። መሰወር አማረኝ። ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የጠፋች እህት በሠርግ መሃል ብትገኝ እኛ ዘንድ ለቅሶው የደስታ አይሆንም፤ ሠርጉ ነው የሚፈርሰው፣ ድንኳኑ ይነቀላል። ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። እኔ ልጄን ላስቆጥር ቀጠሮ ይዤ፣ መጽሐፌ ውስጥ ዘመዳሞች ድሬያለሁ።

ይባስ ብሎ የኤልዓድ እናት መጨረሻ ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ስወጣ ፈለግኳት፣ ሄዳለች።

ዓርብ

የፈራሁት አልቀረም። የኤልዓድ እናት ለሊሞር ደውላ፣ በትሕትና፣ "እናንተ ቤት ዘር እንዴት ነው የሚያዘው? ከእኛ በኩል ሌላ ቆጣሪ ብንጨምር ይሻላል" አለቻት። ይህ አያ ታከለ ጆሮ ደረሰ። እሳቸው ደግሞ በሕይወታቸው ሙሉ ስንቱን አጋብተው፣ ስንቱን ከኃጢአት አድነው፣ ዛሬ ሌላ ቆጣሪ ይጨመርባቸው! አልመጣም አሉ።

ሊሞር ወጥ ቤት ቆማ ጮኸችብኝ። "ኢማ፣ ዳይ፣ በቃ! የሰው ፍቅር ጻፍሽ፣ የኔን አበላሸሽ! ምን አለ እህቱ ባትሆን? ጎረቤት ብትሆን?"

"አንቺ መች አነበብሽው?" አልኳት። ይህ ነው ከአፌ የወጣው። ልጄ እያለቀሰች እኔ ስላልተነበበው መጽሐፌ። ያን ቃል መመለስ ብችል።

ሰንበት ሳይገባ ዳቦ ጋግሬ ቲራት ካርሜል ሄድኩ። አያ ታከለ በሩን ከፍተው ዳቦውን ተቀበሉ፣ እኔን ግን አላዩኝም።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አያ። ሊሞር ምን አደረገች?"

"ሊደገም ነው አሉ መጽሐፉ።"

"አዎ፣ እንደገና ሊታተም ነው።"

"እንግዲያው ጋብቻውን አፍርሺው።"

"አልችልም።"

"ለምን? አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?"

ሰናይት እንቢ ካለችው ኢታይ ወዴት ይሄዳል? ዘርፌ ባትገኝ አባ አለሙ በምን ያለቅሳሉ? ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። እንደ ዘመድ ነገር ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከባድ ነው" አሉ። እውነት ከባድ መሰላቸው። በመጨረሻ ግን "ለሊሞር ብዬ እመጣለሁ፤ ለአንቺ አይደለም" አሉኝ።

በር ላይ ደርሼ ሳለ ጠሩኝ። "ያ ስለ መብራቱ የጻፍሽው..."

ልቤ ዘለለ። በመጨረሻ!

"...የእኛም ደረጃ እንደዚያው ነው። ከቫዓዱ፣ ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር ዕብራይስጥ አላቀላጥፍም። ደውለሽ ንገሪልኝ።"

ደወልኩላቸው። ምን ላድርግ?

ሰንበት ከወጣ በኋላ

የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ላነብ ሞከርኩ። ኢታይ ሰገነቱ ላይ የሰናይትን ጉንጭ ሲስም ሰውነቴ ሰቀጠጠኝ። ዘጋሁት። ስጽፈው ያ ገጽ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን አጎቴ ከነበትራቸው መሃላቸው ቆመዋል። አበላሹብኝ። ትክክልም ናቸው። የቱ ይበልጥ እንደሚያናድደኝ አላውቅም።

እሑድ

ተገናኙ።

መጻፍ ያለብኝ ይህን ብቻ ነው፣ ግን ሁሉንም ልጻፈው፣ ካልሆነ ያፍነኛል። በእማማ ጥሩወርቅ ሳሎን ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሊሞርና ኤልዓድ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ በመስኮት እናያቸዋለን፤ አይነካኩም። አያ ታከለ የእኛን ቆጠሩ። በኤልዓድ አባት በኩል ንጹሕ ሆነ። ወደ እናቱ ወገን ተዞረ። የኤልዓድ እናት፣ ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ፣ ከዚያ አባታቸው ፈንቴ፣ ከዚያ የፈንቴ አባት፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ። ስድስተኛው ላይ "አባ ሸጋው" ተባለ። አያ ታከለ ድምፃቸው ቀጠነ። "የደምቢያው ሸጋው?" አሉ። "የደምቢያው።" እሱ የእኛም ነው። ልጅ ሆኜ ስቆጥር አፌን የሚሞላኝ እሱ ስም ነበር።

 የኤልዓድ እናት ፊቷን ሸፈነች። አያ ታከለ ደግመው ቆጠሩ፣ እንደሚለምን ሰው ቀስ ብለው፣ ያው ሆነ። እማማ ጥሩወርቅ አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ የሻሻቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ወጥቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ኤልዓድ "ስድስት? ማን ያውቀዋል እሱን ሰውዬ?" አለ። ሊሞር አውቶቡስ ላይ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እስከ ሐይፋ። ለፈጠርኳቸው ሁለት ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ተከራክሬያለሁ፤ ለልጄ የምላት አጣሁ።

ማክሰኞ

ትናንት ሊሞር ሥራ ሄዳ ተመለሰች፣ ክፍሏ ገባች። ዓለምነሽ ስለ ሁለተኛ ፎቁ ባል እንደገና አነሳችብኝ። "ሞቷል! ሞቷል አልኩሽ!" ብዬ ጮህኩ። አሮጊቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ዛሬ እማማ ጥሩወርቅ ጠሩን። ሁላችንንም፣ አያ ታከለንም። ልጆቹም ይግቡ አሉ። ስንገባ ነጭ ለብሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

"እኔ የፈንቴ ልጅ አይደለሁም" አሉ።

የኤልዓድ እናት "እማዬ?" አለች።

"ዝም በይ፣ ልጄ፣ አሁን ካልተናገርኩ አልናገረውም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ዘርፌን ማን ወለዳት ብዬ የጠየቅሁሽ ለነገር አይደለም። ወንድሟን አትመስልም ብለሽ ጽፈሻል። እነሱ ጥቁር ናቸው እሷ ቀይ። እቺማ እንደኔው ናት አልኩ።"

ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ምንም ሳላስብ ነው። ትዝም አይለኝም ነበር።

የእማማ ጥሩወርቅ ወላጅ እናት ሲወልዷቸው ሞቱ። እንጉዳይ ነበር ስማቸው። አባታቸው የወገራ ሰው፣ ብዙም አልቆዩም። ፈንቴና ሚስቱ ወስደው አሳደጓቸው፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ፣ በፈንቴ ስም። "ያሳደገችኝ እናቴ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ልጄ አይደለሽም ያለ ሁሉ ጠላቷ ነበር። ግን ውኃ ስንቀዳ ብቻችንን ከሆንን የአባቴን ዘር ታስቆጥረኛለች። የእናቴንም። 'ሳታውቂ ወንድምሽን እንዳታገቢ' እያለች። እሑድ ያ ሁሉ ሰው ፊት አፌ እሺ አላለኝም። መሐላ ነዋ።"

ከዚያ ቆጠሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ሕፃን ልጅ በአንድ ትንፋሽ፣ ሰባቱንም፣ በአባት ከዚያም በእናት። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። አያ ታከለ አስደገሟቸው። እንደገና አስደገሟቸው።

"ያሳደገም ዘመድ ነው" አሉ አያ ታከለ፣ ግን ቀስ ብለው።

"ለኔማ ዘመዴ ናቸው፣ ነፍሴ ናቸው። የልጅ ልጄ ደም ግን አይደሉም። አንቱ ይህን ያጡታል?"

አያ ታከለ በጣታቸው እንደገና ቆጠሩ። "አላጣውም። በአዲሱ ቆጠራ አይገናኙም።"

ሊሞር ጮኸች። ኤልዓድ አያቱን ሊያቅፍ ሄዶ ጠረጴዛውን ገለበጠ፣ ቆሎው ወለሉ ላይ ተበተነ። የኤልዓድ እናት ግን አልተነሳችም። "ዕድሜዬን ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ?" ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ እማማ ጥሩወርቅም "ማልኩኝ አልኩሽ እኮ" ይላሉ። ቆሎውን ለቀምኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ስንወጣ እጄን ያዙኝ። "አሁን ዘርፌን ጻፊያት። ማን እንደወለዳት ጻፊ።"

ረቡዕ

በጣም ነው የተናደድኩት። ምክንያቱም የእማማ ጥሩወርቅ ከእኔው ይሻላል።

ዘርፌ አብራ ያደገች እንጂ የተወለደች እህት ካልሆነች አባ አለሙ ያችኑ እህታቸውን ያገኛሉ፣ ያንኑ ያለቅሳሉ፣ ምናልባትም ይበልጥ። ልጆቹም ንጹሕ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር! ስንት ዓመት ስገነባ የኖርኩትን ድልድይ አንባቢዬ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ አቃናችው። አያ ታከለ ስነግራቸው "አሁን ተጋቡ" አሉ፤ ቀጥለው ግን "የሁለተኛ ፎቆቹንም ልቆጥራቸው ይገባል፣ ባልየው የማን ልጅ ነው?" አሉኝ። ሞቷል አልኳቸው። ቢሞትም ይቆጠራል አሉ።

ሊሞር አዳራሽ ልታይ ከኤልዓድ ጋር ወጥታለች። ከመውጣቷ በፊት መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንሥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፣ ፊደል በፊደል፣ አንዲት መስመር አነበበች፣ መልሳ አስቀመጠችው። "ከሠርጉ በኋላ" አለችኝ። እንደ ባለፈው አልተቆጣሁም።

ለሁለተኛው እትም የሚሆነውን ጽፌ ጨረስኩ። ወደ ክርያት አታ ደወልኩ።

"እማማ፣ ልጠይቅዎት። የእናትዎን እውነተኛ ስም ላስገባው?"

 "አንብቢልኝ እስቲ።"

አነበብኩላቸው። "ዘርፌን የወለደቻት እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች፤ ልጇን ሳታያት ሞተች፤ የአለሙ እናት ሕፃኗን አንሥታ ከልጆቿ ጎን አስተኛቻት።"

"ድገሚው።"

ደገምኩላቸው።

"እንጉዳይ" አሉ፣ ለራሳቸው። "የት ቦታ ነው የሚሆነው? መጨረሻ ላይ?"

"መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ሠርጉ ላይ።"

"እንግዲያው ሰው ያገኛታል። እስካሁን ከእኔ ጋር ብቻ ነበረች፤ አሁን ማንም ቢቆጥር ትቆጠራለች።"

ሌላ ነገር ልላቸው ስል ስልኩን ዘግተውታል።